ዶይችላንድ ቲኬት፦ ከጂማ ለሚነሣ መንገደኛ ያዋጣል?

በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጀርመን ውስጥ ሦስት ሳምንት ስቆይ የተጓጓዝኩት በአንድ የወር ቲኬት ብቻ ነው። ዶይችላንድ ቲኬት እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ እኔ ስገዛው 58 ዩሮ ደርሶ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ 63 ዩሮ ሆኗል። በመላ አገሪቱ በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በምድር ውስጥ ባቡርና በየአካባቢው በሚመላለሱ ዘገምተኛ ባቡሮች ያሳፍራል። አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ግን አያሳፍርም።

ለእኛ ሰው ዋናው ወጥመድ የቀን መቁጠሪያው ነው። ቲኬቱ የሚያገለግለው በአውሮፓውያን ወር ስለሆነ፣ መጀመሪያ እንዳሰብኩት ከሰኔ 1 እስከ ሰኔ 30 ብቆይ ኖሮ ጉዞዬ በጁንና በጁላይ ላይ ተከፍሎ የሁለት ወር ዋጋ እከፍል ነበር። ፍራንክፈርት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ስላስጠነቀቀኝ መነሻዬን ወደ ግንቦት 24፣ ማለትም ወደ ጁን 1፣ አመጣሁት። ቲኬቱ በየወሩ ራሱን የሚያድስ ውል በመሆኑም ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዙት የቀጣዩን ወር ሂሳብ ይቆርጣል። ክፍያውንም የአክስቴ ልጅ በባንክ ሂሳቡ ፈጸመልኝ፤ ቲኬቱ ግን በተሳፋሪው ስም የሚወጣና ለሌላ የማይተላለፍ ነውና በእኔ ስም ተቆርጦ ከፓስፖርቴ ጋር ያዝኩት።

የጂማ ታክሲ የለመደ ሰው «ሂሳብ!» የሚል ረዳት ሲያጣ ግር ይለዋል። ጣቢያው መግቢያ ላይ በር የለም፤ ተቆጣጣሪ ግን ሳይታሰብ ከተፍ ይላል፤ ያለ ቲኬት የተገኘም 60 ዩሮ ይቀጣል።

ቅር ያሰኘኝ ረጅሙ መንገድ ነው። ከፍራንክፈርት ሀምቡርግ ፈጣኑ ባቡር በአራት ሰዓት ጉዞ ገደማ ያደርሳል፤ እኔ ግን በካሰል፣ በጎቲንገንና በዑልሰን ባቡር እየቀየርኩ፣ አንዱ ዘግይቶ ተከታዩ ስላመለጠኝም ጭምር፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ዋልኩ። ከጂማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መሄድ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ለምሳ የሚያወርድዎት ሹፌር አለመኖሩ ነው። ሌላ ጊዜ ለዚህ መንገድ የፈጣኑን ባቡር ቲኬት አስቀድሜ እገዛለሁ።

ሀምቡርግ ከገባሁ በኋላ ግን 58 ዩሮው አላስቆጨኝም። ዩ3 የተባለው ባቡር ወደቡን ቁልቁል እያሳየ ባውምቫል ያወርዳል፤ ከዚያ በእግር ጥቂት ሄዶ ሽፓይሸርሽታት ይደረሳል። ከባሕር ማዶ የመጣ ቡና ሲከማችባቸው የኖሩት እነዚህ የቀይ ሸክላ መጋዘኖች እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ቡና አብቃይ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ሳያያቸው ባይመለስ መልካም ነው። ጎብኚዎች ለሽርሽር ጀልባ ተሰልፈው ሲከፍሉ፣ ከላንዱንግስብሩከን የሚነሣው 62 ቁጥር የሕዝብ ጀልባ በዚያው ቲኬት ግዙፎቹን የጭነት መርከቦች እያሳየ ፊንከንቬርደር ያደርሳል። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳፈርኩበት፤ ሁለተኛውን ለመቀመጥ ብቻ።