«ከቤተሰባችሁ ሌላ የሚጥለው ሰው አለ?» ብሎ ለጠየቀን ዶክተር

ደሴ ላለው ዶክተራችን አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። ልጁ የታመመበት ሰው ግን ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ የት እንደሚገኝ እነግረዋለሁ።

ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ይጥለው የጀመረው በ2 ዓመቱ ነው። ያልዞርንበት የለም። አንዱ ጋ ክኒን ብቻ ሰጥተው ሸኙን። ሌላው ጋ ሲቲ ስካን ተነስቶ «ምንም የለበትም» ተባልን። ራሴን እያለ ሲያለቅስ «ልጅ ያስመስላል» ያለችኝም አለች። እሷን ይቅር ብያለሁ፣ ግን አልረሳትም። ሰፈሩ ዓይን ነው አለ። አማቴ ደግሞ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይሉኝ ነበር።

ከሐይቅ ከተማ በሌሊት ተነስተን ዶክተሩ ጋ ስንደርስ፣ የሲቲ ስካኑን ፊልም እንኳ ሳያይ «ከቤተሰባችሁ ሌላ የሚጥለው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀን። እኔ ዝም አልኩ። ተነስቶ ወጣና ውጪ አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን አማቴን ደግፎ አስገባቸው። የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው። «እማ፣ ቀስ ብለው ያስታውሱ» አላቸው። ትንሽ ቆይተው አለቀሱ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በጎረምሳነቱ እርሻ ላይ ወድቆ እዚያው ቀርቷል። እህቱንም ይጥላታል። ለካ ስንት ዓመት ማንም ሳይጠይቃቸው ይዘውት ኖረዋል! ዶክተሩ ወረቀት ላይ ክብና አራት ማዕዘን እየሳለ ቤተሰቡን ሁሉ ደረደረው።

ኤምአርአይ አዲስ አበባ ሄደን አስነሳን። አንጎሉ ውስጥ ቀጫጭን የደም ስሮች እንደ እንጆሪ ተቋጥረው ተገኙ። ካቨርኖማ ይሉታል። አንዳንዴ ደም ያዣል አሉ። ሲቲ ስካን ሊስተው ይችላል። የዘረ መሉ ነገር ብዙ አልገባኝም። በዘር ሲመጣ ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ መሆኑ፣ ማንም ያጠፋው ነገር አለመኖሩ ግን ገብቶኛል። ይህን ሲነግራቸው አማቴ እጄን ያዙኝ።

አሁን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። ቀዶ ጥገና ለጊዜው አያስፈልገውም ተብሏል። ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም የእጅ እግር መዛል ካየሁ ሌሊትም ቢሆን እንድሮጥ አስጠንቅቆኛል። ስደውልለት «አብሽሪ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

እናቶች፣ እባካችሁ ልጃችሁን የሚጥለው ከሆነ አያቶቹን ጠይቁ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። እኛም በሚቀጥለው ሳምንት ባለቤቴንና እህቱን ይዘን እሱ ጋ እንሄዳለን።