«ጣሊያን ሰራሽ» ለሚሏችሁ ቤት ቀብድ ልትከፍሉ ከሆነ ቆይ!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅርታ። 400,000 ብር ቀብድ ትናንት ቀልጦ ቀረ። የሁለት ዓመት ዕቁቤ ነበር።

ደላላውን መግለጽ አያስፈልገኝም፤ ታውቁታላችሁ። ሁለት ስልክ፣ «እህቴ፣ እህቴ»፣ ሁልጊዜ ከኋላችሁ ገንዘብ ቆጥሮ የሚጠብቅ አንድ ዳያስፖራ። ዘፈኑም ያው ነው፦ «ፒያሳ ፈረሰ፣ ካዛንቺስ ፈረሰ፣ ከእንግዲህ ጣሊያን ሰራሽ ከየት ታመጫለሽ?» ካዛንቺስ ማለት ካዛ ኢንቺስ እንደሆነ፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠራ ሰፈር እንደነበር ሲተነትንልኝማ «የተማረ ደላላ አገኘሁ» ብዬ ደስ አለኝ። ቂል!

ቤቱ ከፖፖላሬ ብዙም አይርቅም። ግራጫ ግድግዳ፣ የድንጋዩ መስመር ጥርት ብሎ የሚታይ፣ ከፊቱ ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ክፈፍ ያለው በረንዳ። አዲስ ቀለም ይሸታል። ለምን እንደተቀባ አልጠየቅኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ፎቶ ተነስቼ ለእህቴ «የጣሊያን ቤት ልገዛ ነው» ብዬ ላክሁላት። እዚያው በረንዳ ላይ ፈረምኩ።

አጎቴ ግንበኛ ነው። ወስጄ ያሳየሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ከፈረምኩ በኋላ! ሳሎን ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገው። ዝም አለ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደገመው። «ልጄ፣ ቁልፍ ይዘሻል?» አለኝ። ሰጠሁት። በቁልፉ ጫፍ የሶኬቱን ክዳን ፈንቅሎ ጣቱን ከተተና ቆንጠር ሲያደርግ ጭድ ይዞ ወጣ። ደረቅ ጭድ፣ ከነአፈሩ። ከኋላው ማገሩ ይታያል፤ ምስጥ በልቶት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያ ሁሉ «ድንጋይ» በሲሚንቶ ልስን ላይ በሚስማር የተጫረ መስመር ነው።

«በረንዳውስ?» አልኩት፣ ተስፋ ሳልቆርጥ። «እሱማ የድሮ አራዳ በረንዳ ነው፤ ከጣሊያን በፊት አርመንና ህንድ ያስለመዱት» አለኝ። ለነገሩ ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ነው፤ በደላሎቻችን ስሌት ግን እንቅልፍ ሳይተኛ ቤት ሲሠራ ነው የከረመው።

ጭቃ ቤት ንቄ እንዳይመስላችሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው። በጭቃ ዋጋ ቢሸጡልኝ መርቄ እገዛ ነበር።

ትናንት ቢሮአቸው ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ደላላው ለጓደኛው «ይቺ የጭቃዋ ናት» ሲለው ሰማሁ። ጸሐፊዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ወንበር እንኳ ያቀረበልኝ የለም። «ጣሊያን ሰራሽ ነው አላልከኝም?» ስለው ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ሳይል፣ «እህቴ፣ እኔ ያልኩሽ ስታይሉን ነው» አለኝ።

ስታይሉን!

ውሉን አወጣልኝ። «አንድ ቪላ ቤት» ይላል፤ ድንጋይም ጣሊያንም የሚል ቃል የለበትም። ከሥሩ «አይቼና ወድጄ» የሚለው ላይ ፊርማዬ አለ። እከስሳለሁ ስለው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1885 በቃሉ ወረደልኝ፦ ቀብድ የሰጠ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ከተወ እጥፍ ይመልሳል። እነሱ ምን ቸግሯቸው ይተዋሉ? የቤቱ ባለቤት ደግሞ ስልክ ማንሳት አቁሟል።

በሉ፣ ግንበኛ ሳትይዙ አትፈርሙ። ቤቱ ከምን እንደተሠራ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ሶኬት ክፈቱ።

ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያው እንደገና ወጥቷል፤ «ብርቅዬ ጣሊያን ሰራሽ ቪላ»፣ ዋጋው ላይ 200,000 ብር ተጨምሮበት። የሳሎኑን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ሶኬቱ የነበረበት ቦታ ላይ ካላንደር ሰቅለውበታል።