የእስክንድርያ ድሪም ወይስ የማርኪያኖፖሊስ ባለ አምስት አሳሪያ?

የሮማ ክፍለ ሀገራትን የነሐስ ሳንቲም ለመግዛት የሻጮችን ዝርዝር ብትከፍቱ «ነሐስ፣ 27 ሚሊ ሜትር» ከማለት ያለፈ ስያሜ ብዙ ጊዜ አታገኙም። አብዛኞቹ ከተሞች ዋጋውን በሳንቲሙ ላይ አልጻፉትም፤ አጥኚዎች የሚገምቱት ከስፋቱና ከክብደቱ ተነሥተው ነው። ለዚህ ነው ለጀማሪ ማንነታቸው በውል የታወቀ ሁለት ሳንቲሞችን የማወዳድረው።

የእስክንድርያ ድሪም (ድራክማ) ግዙፍ ነው። ስፋቱ ወደ 33 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ20 ግራም በላይ ስለሆነ መዳፍ ይሞላል። በጀርባው እንደ ሴራፒስና ኢሲስ ያሉ የግብፅ አማልክት ይታያሉ፤ በቄሣር አንቶኒኖስ ፒዮስ 8ኛ ዓመት (144/145 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ምልክቶች ተመትተውበታል። ቄሣሩ በነገሠ በስንተኛው ዓመት እንደተመታም ተጽፎበታል፤ ያ ዓመት የሚለወጠው የእኛ መስከረም 1 በሚውልበት ቀን ነበር። ይህን ሳውቅ ሳንቲሙ የቤቴ ዕቃ መሰለኝ። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ክፉኛ አልቆ መገኘቱ ነው፤ ፊቱ የሚለየው ደግሞ ውድ ነው።

ማርኪያኖፖሊስ የዛሬዋ የቡልጋሪያ ዴቭኒያ ናት። ሳንቲሟ ያንሳል፤ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ10 እስከ 14 ግራም ይመዝናል። ነገር ግን ዋጋውን ራሱ ይናገራል። በ217 እና 218 እ.ኤ.አ. የተመታውን፣ ቄሣር ማክሪኖስና ልጁ ዲያዱመኒያን ፊት ለፊት የሚተያዩበትን ሳንቲም አገላብጡት፤ ከአምላኩ ምስል ጎን ክብ ሆኖ የተጻፈ የግሪክ ፊደል ኤፕሲሎን ታያላችሁ። አምስት አሳሪያ (የዘመኑ ትንሽ የነሐስ ገንዘብ መለኪያ) ማለት ነው። የግእዙ ፭ የተገኘው ከዚሁ ፊደል ስለሆነ ለእኛ አንባቢ ማንበቡ አይከብድም። የአገረ ገዢው ስምም በዙሪያው አለ።

የመጀመሪያ ገንዘባችሁን ለማርኪያኖፖሊስ አውሉ እላለሁ፤ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥርት ያለ ፊት ታገኛላችሁ። ልባችሁ የግብፅ አማልክት ላይ ከሆነ ግን ድሪሙን ታግሣችሁ ፈልጉ። ከሁለቱ ሳንቲሞች ግሪክኛ ይልቅ የላቲን ጽሑፍ የሚቀላችሁ ከሆነ፣ በዛሬዋ ሰርቢያ የነበረችውን የቪሚናኪዩም ከተማን ሳንቲም እዩ፤ በሬና አንበሳ ያለበት፣ ዓመቱ የተጻፈበትና ርካሽ ነው።

ሁለቱንም በማጉያ መነጽር መርምሩ። የፀጉሩ መስመር ስል ሆኖ ጉንጩ ግን ካለቀ፣ ዙሪያውም ጥቃቅን ጭረት ካለው፣ ሰው በመሣሪያ ቀርጾታል። በስንጥር ሲነኩት የሚረግፍ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ነሐሱን የሚበላ ዝገት ነው፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ስለሚብስ በቅናሽም ቢሆን አትግዙት።