ጠግኜው ነበር፣ በኋላ ግን ፈታሁት፦ የቮልስ ሞተር እድሳት ከ8 ወር በኋላ

ሞተሩ ከታደሰ 8 ወር ሆነው። 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼበታለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1973 ቮልስ ናት፣ ሞተሯ 1,584 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው። መጀመሪያ የወሰንኩት ግን ማሳደስ አልነበረም፤ ማስጠገን ነበር። ግማሹ ልክ ነበር፣ ግማሹ ስንፍና።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የሌሎቹ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) 115 ፒኤስአይ አካባቢ ሲሆን ይሄኛው 70 ላይ ቀረ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሮ እንደገና የመለካት ዘዴ አለ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው ይባላል፤ ግን የቮልስ ሲሊንደር የተጋደመ ስለሆነ ዘይቱ ከታች ይተኛና የፋሻውን ዙሪያ በሙሉ አይደርሰውም፣ ስለዚህ አላመንኩትም። በኮምፕሬሰር አየር ሞላንበት። ጆሮዬን ዘይት መሙያው ላይ ደቀንኩ፣ ዝም። ካርቡራቶሩ ጋ፣ ዝም። ማርሚታው ጋ ስደርስ ሽሽሽ ይላል። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው። ደስ አለኝ! ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይወርዳል፣ ቫልቭ ይቀየራል፣ አለቀ።

መካኒኩ "ሞተሩ ከወረደ አይቀር ታቹንም እንየው" ሲለኝ ኪሴን አይቶ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ይቅርታ ይድረሰው።

ያላየሁት ነገር ደግሞ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያ መግፋት። ቋ ካለ ነገር አለ። አዲስ ሲገጠም የሚፈቀደው የዘንጉ የወደፊትና የወደኋላ መላወስ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ 0.15 ካለፈ አልቋል። የኔ ስንት ሆነ መሰላችሁ? 0.35። ያወቅኩት ግን ከጥገናው 4 ወር በኋላ፣ ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ነው።

በሺም (ክፍተት በሚሞላ ስስ የብረት ቀለበት) ይስተካከላል ያለኝ ሰው ነበር። ሺም የሚረዳው ብሮንዚናው (ክራንክ ሻፍቱ ተደግፎ የሚዞርበት) የሚቀመጥበት የሞተር አካል ደህና ከሆነ ነው። የኔ ሲከፈት መቀመጫው ተቀጥቅጦ ሰፍቷል። እንደገና ተቦረቦረ፣ በውጭ በኩል 0.5 የወፈረ ብሮንዚና ገባ፣ ክራንክ ሻፍቱም 0.25 ተሞረደ። ፒስተንና ሲሊንደር በአዲስ ተቀየሩ። የተጠገነው ቴስታታ ተመልሶ ገጠመ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ሁሉ ውሃ አልበላውም። ሁለቴ የከፈልኩት የማውረጃና የመግጠሚያ ጉልበቱን ነው። እሱ አሁንም ይቆጨኛል። ሁለት ሳምንት የተባለው ሥራ ሰባት ሳምንት መፍጀቱም እንዲሁ።

አሁንስ? የዘይት መብራቱ ጭራሽ አይበራም። በፊት በየ800 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት ይጠጣ ነበር፤ ጠቅላላ የሚይዘው 2.5 ሊትር ለሆነ ሞተር ይህ ቀልድ አይደለም። አሁን በ5,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ብጨምር ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ጉልበት ጨመረ ወይ ለሚለኝ ግን፣ አልጨመረም። ያው ቮልስ ነው፣ ዳገት ላይ አሁንም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያልወደድኩትም አለ። በፑሽሮድ ቱቦዎቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች በሚያልፉባቸው) ጎማ በኩል ዘይት ያልባል፣ አሁንም ካርቶን አነጥፍለታለሁ። የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮችም የነርቭ ናቸው። አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍት ዘንግ) ስለገባ ገና እንደተነሳ 20 ደቂቃ ያህል 2,000 ዙር አካባቢ መያዝ ነበረበት፣ በሚኒሞ መተው የለም፤ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ትል ነበር። የመጀመሪያው ዘይት ሲወጣ ብር ብር የሚል ብናኝ ነበረው። ሁለተኛው ንጹህ ነው።

የእናንተ ቫልቭ ብቻ ከሆነና ፑሌጃው ዝም ካለ ጠግኑት፣ ሞተር ለመክፈት አትጓጉ። ቋ ካለ ግን ላዩ ላይ አዲስ ነገር አታስገቡ። እኔ አሁን ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ ፑሌጃውን እስባለሁ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቭ ክፍተት እለካለሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር ጭስ ማስወጫ ቫልቭ ክፍተቱ እየጠበበ ከሄደ እየተለጠጠ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቀን አንገቱ ተበጥሶ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ባለፈው ቅዳሜ ስለካው 0.15 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ልክ እንደተገጠመ።