ሞተር ይውረድ ተብሎ ለተፈረደባት ቮልሳችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ወር ቮልሳችን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆመችብኝ። ጠዋት ያለ ምንም ችግር ትነሳለች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ትሄዳለች፣ ከዚያ ቁልፍ እንደዘጉባት ጭጭ ትላለች። ግማሽ ሰዓት አርፋ ስትበርድ እንደገና ትነሳለች። በመጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ የኋላ ኮፋኖዋን ከፍቶ አንዴ አየት አደረገና «ሞተር ይወርዳል» ብሎ ፈረደ። ዋጋው 85,000 ብር። ቤት ገብቼ ስናገር አባቴ ተቆጣ፤ «ልጁ እያለ ምን አስኬደህ?»

«ልጁ» የተባሉት የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። አባቴ ዛሬም እንዲህ የሚላቸው በ1963 ዓ.ም. የአያቴ ፊያት በምትጠገንበት ጋራዥ ኪያቤና ካቻቢቴ የሚያቀብሉ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው ስለሚያስታውሳቸው ነው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ስሜ እንዳይወጣ ብለው ስላስጠነቀቁኝ እዚህም ጋሼ ሆነው ይቀጥላሉ።

ጋሼ መኪናዋን አልከፈቱም። ገብተው ጎኔ ተቀመጡና «ንዳት፣ እስክትቆም» አሉኝ። ልደታ አካባቢ እንደ ልማዷ ቆመች። ወርደው ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅለው ከብረት አስጠጉና ሞተር ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ እንዳዞር ምልክት ሰጡኝ። ብልጭታ የለም። ከዚያ ከኪሳቸው መሃረብ አወጡ፣ እኔ የምጠጣውን የፕላስቲክ ውሃ አፈሰሱበት፣ ለካንዴላዎቹ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚልከው ቦቢና ላይ ጠቀለሉት። እንፋሎቱ ወጣ። ትንሽ ጠብቀን ቁልፉን ሳዞር ሞተሯ ተነሳ። «በሽተኛው ይኸው» አሉ መሃረባቸውን እየጨመቁ። ቦቢናው ሲግል ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ይቋረጣል፣ ሲበርድ ይገጥማል፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነበር። ከሶማሌ ተራ 2,800 ብር ቦቢና ገዛን፣ ለእጃቸው 1,000 ብር ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ቆማ አታውቅም።

ይህን ያህል ስለ አንድ ቦቢና መጻፌ የበዛ ይመስል ይሆናል። ግን ቤታችን ውስጥ መኪና ዘመድ ነው፤ ጋሼ ደግሞ አራቱንም ያውቃሉ።

የመጀመሪያዋ አያቴ በ1954 ዓ.ም. የገዛት ፊያት 600 ናት፣ የአዲስ አበባ ሰው ሰይቸንቶ የሚላት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የበሮቿ ማጠፊያም ከኋላ ስለነበር የሚከፈቱት በተገላቢጦሽ ነው። ሴት አያቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከዚያ በር ስትወርድ ሰፈሩ እንዳያያት አያቴን ከሰው ራቅ አድርጎ እንዲያቆም ታዝዘው ነበር። ሰይቸንቷ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ስለሆነ ውሃ ትጠጣለች። እንጦጦ ለመውጣት ጀሪካን ይዞ መሄድ ግድ ነበር፤ ጋሼ እንደሚሉት የመጀመሪያ ሥራቸው ያንን ጀሪካን መሙላት ነው።

አባቴ ከዚያ ጀሪካን ለመገላገል ሲል ቮልስ ገዛ፤ ያገለገለች፣ 1300 ሞተር ያላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ። በ1965 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥት በቮልስ ሲወሰዱ አባቴ የራሱን ሦስት ቀን ከግቢ አላወጣትም። የጎረቤት ቀልድ ነበር የፈራው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በኋላም ቤንዚን በኩፖን ሲሆን የባሰ ቆማ ኖረች፤ ምናልባት እስከ ዛሬ የቆየችውም በዚያ ነው።

ጋሼ ይህችን ሞተር እንዴት እንደሚይዟት ብታዩ ደስ ይላችኋል። ቫልቮላ፣ ማለትም አየርና ቤንዚን የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን የሞተር ክዳኖች፣ የሚያስተካክሉት ሞተሩ አድሮ ሲበርድ ብቻ ነው፤ ክፍተቱን ነጥብ አሥራ አምስት ሚሊሜትር አድርገው በቀጭኗ የብረት መለኪያ ሲፈትሹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሦስተኛው ሲሊንደር ዘንድ ሲደርሱ ደግመው ያያሉ። በእኛ ዓይነቷ ቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው አየር ፊት ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ይግላል። ካንዴላ ሲፈቱ ጫፉን እንደ ደብዳቤ ያነባሉ። ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ቡና በወተት መልክ ካለው «ደህና ነህ» ብለው መልሰው ያስሩታል።

በ1980ዎቹ የመጣችው ኮሮላ ዲኤክስ ብዙ የምትወራ አይደለችም። አትበላሽም ነበር፤ ጋሼም ለዓመታት ዘይትና ፍሬን ሸራ ከመቀየር ሌላ ከእሷ የበሉት የለም። እናቴ ነድታ አራት ልጅ አስተምራባት ተሸጠች። ከቮልሷ ሌላ እኔ አሁን የምነዳው ቪትዝ ነው። ጋሼ አይወዷትም፤ «እጅ የሚያስገባ ቦታ የላትም» ይላሉ። ቢሆንም የፊት እግሯ ሲንኳኳ ሌላ ሰው ሙሉውን ቀይር ያለኝን እሳቸው አንዲት የላስቲክ ጉሚኒ ቀይረው ጸጥ አድርገውልኛል።

ጥፋታቸውንም ልናገር፣ አለበለዚያ ጥቆማው ሙሉ አይሆንም። በቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው፤ ሐሙስ ካሉ ቅዳሜን አስቡ። ስልክ ሥራ ላይ አያነሱም። መኪናችሁን ሳትንከባከቡ ከቆያችሁ ሠራተኞቻቸው ፊት ይገስጿችኋል፣ እኔን ባትሪዬ ላይ የተጠራቀመውን ነጭ ዝገት አይተው እንደ ተማሪ ነው ያቆሙኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮም (ማርሽ) አይነኩም።

የማያውቁትን አለመንካታቸው ግን ለእኔ ትልቁ ምስክር ነው። የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ እህቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛች፤ ይመርቁላት ብላ ወሰደችላቸው። ኮፋኖውን ከፈቱ፣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙትን ወፍራም ብርቱካናማ ገመዶች አዩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «ልጄ፣ ይህን እኔ አልነካም፤ ለተማረበት ሰው ውሰጂው» አሏት። ቀጥለው ጎንበስ አሉና ጎማዎቹን አዩ፣ ፍሬኑን አስረገጧት፣ የፊት ግራው ጎማ ነፋስ እንደቀነሰ ነግረው ራሳቸው ሞሉት። ገንዘብ አልተቀበሉም።

ጋሼ፣ ለአያቴ ጀሪካን፣ ለአባቴ ቮልስ፣ ለእናቴ ዲኤክስ፣ ለእኔም 85,000 ብር እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ቮልስ ያላችሁ ማታ አስገብታችሁ አሳድሯት፤ ጠዋት ትኩስ ሞተር ይዞ ለሚመጣ ሰው ቫልቮላ አያስተካክሉም።