«አልከፍት አለኝ» ለሚሏችሁ ዘመዶች ሁሉ፦ ሃንድብሬክን እንዴት አገኘሁት

ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ምናምን የሚቀርጽ ሰው ምኑ እንደሚያደክመው ጠይቁት፣ መቅረጹ ሳይሆን መላኩ ነው ይላችኋል። አንዱ ድምፁ ይሰማል ምስሉ ግን ጥቁር ነው ብሎ ይደውላል፣ አንዷ ቴሌግራም ላይ አየሁት ፊቴ ግን አይለይም ትላለች፣ እትዬ ደግሞ ፍላሹን ቲቪው ላይ ይሰኩና አልከፍት ሲላቸው «ልጄ ባዶ ነው እኮ የሰጠኸኝ» ይላሉ፣ በቃ ሌባ ሆንክ ማለት ነው። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምሰራው፣ ለዚህ ሁሉ ጣጣ የምጠቀመው ሃንድብሬክ የሚባል ሶፍትዌር ነው። ነጻ ነው፣ ክራክ ፍለጋ የለም፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል። ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ አውርዶት የበተኑን ብዛት ሲያይ ደንግጦ ይዘጋዋል፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ፦ የቀረጻችሁትን ለሌላ ሰው ለማድረስ ከሆነ ከዚህ የሚሻል ነጻ ነገር አላየሁም። ኤዲት ማድረጊያ ግን አይደለም፣ ሙዚቃ ልጨምርበት ጽሁፍ ልለጥፍበት ካላችሁ ቦታው እዚህ አይደለም። አንድ ፋይል ይቀበላል፣ ሌላ ፋይል ይሰጣችኋል፣ አለቀ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። «ወደ ኤምፒፎር ቀይሬ ላክሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኤምፒፎር ማለት መሶቡ ነው፣ ውስጡ ያለው እንጀራ የጤፍ ይሁን የማሽላ ከላይ አይታይም። ኮዴክ የሚባለው ውስጥ ያለው ነው፣ ምስሉ የተጨመቀበት ዘዴ ማለት ነው፣ እና ኤምፒፎር ውስጥ ኤች 264 ሊኖር ይችላል፣ ኤች 265 ሊኖር ይችላል፣ ኤቪዋንም ሊኖር ይችላል። ሦስቱም ፋይሎች ስማቸው መጨረሻ ላይ ኤምፒፎር ነው የሚሉት፣ የእትዬ ቲቪ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሊያውቅ ይችላል። እና ፎርማት ስትመርጡ ማሰብ ያለባችሁ እናንተ በምን እንደቀረጻችሁ አይደለም፣ ያ ሰውዬ በምን እንደሚከፍተው ነው።

ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ግን በየስልኩ በየቲቪው በየላፕቶፑ ውስጥ እሱን የሚያነብ ቺፕ አለ። ኤች 265 በ2013 መጣ፣ በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉን ወደ ግማሽ ያወርደዋል ይባላል፣ አይፎኖችም ከአይኦኤስ 11 ማለትም ከ2017 ጀምሮ ሳትነግሯቸው በሱ ነው የሚቀርጹት። ልዩነቱን አይፎኑ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ ጽፎላችኋል፦ 1080 በ30 ፍሬም አንድ ደቂቃ በኤች 265 60 ሜጋ አካባቢ ነው፣ በኤች 264 130 ሜጋ። ያጓጓል አይደል? ግን ያንኑ ክሊፕ ዊንዶውስ 10 ላይ በራሱ ማጫወቻ ልክፈት ብትሉ ከማይክሮሶፍት ስቶር ተጨማሪ ነገር ግዙ ሊላችሁ ይችላል፣ ዋጋው 99 ሳንቲም ዶላር ነው፣ ዶላሯ ትንሽ ናት ግን እዚህ ሀገር በምን ካርድ ትከፍሏታላችሁ። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ካለ በነጻ ይከፍተዋል እርግጥ፣ የድሮ ቲቪ ላይ ግን ቪኤልሲ ጫኑ ብላችሁ ለእትዬ ንገሯቸው እስቲ። ኤቪዋን የ2018 ነው፣ ዩቲዩብ በደንብ ይጠቀምበታል፣ ለዘመድ መላኪያ ግን ገና ነው፣ አይፎን ራሱ በሃርድዌር ማንበብ የጀመረው ከ15 ፕሮ ወዲህ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሬንደር ማድረጉም፣ ማለትም እንደገና ጨምቆ ማውጣቱ፣ ልብ ያደርቃል።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመለስ፣ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ሴቲንጎች አሉት፣ ፕሪሴት ይላቸዋል፣ ከነሱ ውስጥ ፋስት 1080ፒ30 የሚለውን ስትነኩ ኤምፒፎር፣ ውስጡ ኤች 264፣ ድምፁን ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ ኮዴክ ያደርግላችኋል። ከአስር ሰው ዘጠኙ እዚህ ጋ ቢቆም ይበቃዋል። እኔ የምነካካው አንድ ቁጥር ነው፣ ቪድዮ የሚለው ታብ ውስጥ አርኤፍ የሚባል ተንሸራታች አለ፣ ቁጥሩ ሲቀንስ ጥራቱ ይጨምራል ፋይሉም ይወፍራል፣ ሲጨምር በተቃራኒው። ፕሪሴቱ 22 ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለ1080 ከ20 እስከ 24 ይላሉ። የሀበሻ ቀሚስ ላለበት ቀረጻ 20 አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም የጥለቱ ቀጫጭን መስመሮችና የነጭ ሽመናው ነገር መጀመሪያ የሚጠፋ እሱ ነው፣ 26 ምናምን ላይ ስታደርጉት ጥልፉ ቀለም እንደፈሰሰበት ሆኖ ይቀራል፣ ነጩ ቀሚስ ደግሞ እጥፋቱ ጠፍቶ ልሙጥ ወረቀት ይሆናል። ሙሽራዋ ያን ቀሚስ ስንት እንዳሰፋችው ታውቃላችሁ፣ እዛ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ሰው ቆሞ ንግግር የሚያደርግበት ከሆነ 23 24 አድርጉት ማንም አያውቅባችሁም።

የአርኤፍ ጥሩነቱ ጥራቱን ይዞ መጠኑን እንደ ይዘቱ መልቀቁ ነው። መስቀል አደባባይ ደመራ ስትቀርጹ ጭሱ፣ እሳቱ፣ የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ካለፈው ይለያል፣ ኮዴክ ደግሞ የሚኖረው በማይለወጠው ነገር ነው፣ ስለዚህ በትንሽ ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ በሚመደብ የዳታ መጠን) የተጨመቀ ደመራ ጭሱ ጋ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል። በአርኤፍ ካደረጋችሁት ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ምስሉ አይበላሽም። ያው እስክስታም እንደዛ ነው፣ ትከሻው ጋ ታዩታላችሁ።

ችግሩ መጠኑ ቀድሞ አይታወቅም። እና ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ነው የሚቀበለው፣ ፕሪሚየም ያለው 4 ጊጋ። ስለዚህ ረጅም ነገር በምልክበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የአንድ ሰዓት የምርቃት ፕሮግራም፣ አርኤፉን ትቼ ቢትሬት እሰጠዋለሁ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 8 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 1 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፣ በደቂቃ 60፣ በሰዓት 3.6 ጊጋ፣ አይገባም። 4 ሜጋቢት ስታደርጉት 1.8 ጊጋ፣ ድምፁ ተጨምሮበትም 2 ጊጋ አይሞላም። መልቲፓስ የምትለውን ምልክት ካደረጋችሁ ፋይሉን አስቀድሞ አይቶ ቢትሬቱን የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል፣ ጊዜ ይፈጃል ግን ዋጋ አለው። ስትልኩ ደግሞ በፋይል አድርጋችሁ ላኩት፣ በጋለሪ በኩል ከላካችሁት ቴሌግራሙ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ የለፋችሁበት ገደል ገባ።

ሌላ ሰው የማያያት ግን እኔ የማልረሳት ነገር ዌብ ኦፕቲማይዝድ የምትል ሳጥን ናት፣ ሰመሪ የሚለው ታብ ውስጥ። ኤምፒፎር ማውጫውን ብዙ ጊዜ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው፣ ይቺ ሳጥን ማውጫውን ወደ ፊት ታመጣዋለች፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የጫናችሁትን ሰው ሙሉውን ሳያወርድ ማየት ይጀምራል። በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ የማይፈልገው ከሆነ ሳይጨርስ ያቆመዋል። ፍላሽ ላይ ለሚሰጥ ደግሞ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ እንኳን ፋይሉ ትልቅ ነው ይላችኋል፣ የድሮ ቲቪዎች ደግሞ ከፋት32 ሌላ የማያነቡ አሉ። ሬንጅ በሚለው በኩል በሰከንድ ቆርጣችሁ ሁለት ቦታ አውጡት።

አሁን ወደሚያናድደኝ። ሃንድብሬክ ቪድዮውን ሳይነካ መሶቡን ብቻ መቀየር አይችልም። ኤምኬቪ (ይሄም ሌላ መሶብ ነው) ውስጥ ያለ ጤነኛ ኤች 264 ብትሰጡት ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና ሬንደር ያደርገዋል፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ሥራ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ጥራትም ትንሽ ይቀንሳል። ኦቢኤስ የሚባለውን መቅረጫ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ሰዎች ይሄ ይመለከታችኋል፣ ምክንያቱም በኤምኬቪ ቅረጹ የሚባለው በምክንያት ነው፦ ተራ ኤምፒፎር ማውጫውን መጨረሻ ላይ ስለሚጽፍ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ አይከፈትም፣ ኤምኬቪ ግን እስከተቀረጸበት ድረስ ይቀራል። በኛ ሀገር መብራት ይሄ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው። ከዛ እዛው ኦቢኤስ ውስጥ ሪመክስ የሚለው አለ፣ መሶቡን ብቻ የሚቀይር፣ ወዲያው ኤምፒፎር ያደርግላችኋል፣ ሃንድብሬክን አታስቸግሩት። መቁረጥ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ሎስለስካት የሚባል ነጻ ነገር አለ፣ እሱ ይሻላል።

ፍጥነቱም ያው እንደ ላፕቶፓችሁ ነው። የግራፊክስ ካርድ ወይም የኢንቴል ቺፕ ካላችሁ በሃርድዌር የሚያደርግበት አማራጭ አለው፣ በጣም ይፈጥናል፣ ግን በተመሳሳይ የፋይል መጠን ጥራቱ ዝቅ ይላል፣ እኔ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ ነው የምጠቀመው። ሌላውን ማታ ወረፋ አስይዤው እሄዳለሁ፣ ሲጨርስ ኮምፒውተሩን እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል። መብራት ሄዶ ቢዘጋ ስትከፍቱት ወረፋውን ልመልስልህ ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ጀምሮት የነበረው ግን ከዜሮ ነው የሚነሳው። ረጅም ነገር ከማስነሳታችሁ በፊት ፕሪቪው ውስጥ ገብታችሁ ጥቂት ሰከንድ አስሞክሩት፣ ጭፈራ ያለበትን ቦታ ምረጡ፣ ቁጭ ብለው የሚበሉበትን አይደለም።

የአዳራሽ መብራት ላይ የሚታየውን መንቀጥቀጥ ያስተካክልልኛል የምትሉ ካላችሁ አያስተካክልም። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ካሜራውን 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጋችሁ መቅረጽ ነው መፍትሔው። ስልክ የቀረጸው ኤዲት ላይ ድምፁ ከአፍ ከተለያየባችሁ ግን ፍሬም ሬቱን ኮንስታንት (በሰከንድ ቋሚ የፍሬም ብዛት) አድርጋችሁ አንዴ በሃንድብሬክ አሳልፉት፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ኮንቨርተሮችስ ለምትሉ፣ 1 ጊጋ ጭናችሁ መልሳችሁ ልታወርዱ ነው፣ ዳታውን ተዉት፣ የሰው ሰርግ የት እንደሚሄድ አታውቁም። ሰው ቤት ማሰራትም አለ፣ ስታዲየም አካባቢ አንድ ቤት 1080 ክሊፕ ሰጥቻቸው የዲቪዲ አድርገው መለሱልኝ፣ 720 በ576 ማለት ነው፣ ከሱ በኋላ ራሴ ነኝ የማደርገው። ስታወርዱት ከራሱ ከሃንድብሬክ ዶት ኤፍአር ብቻ አውርዱ፣ ከጓደኛ ፍላሽ አትቅዱ፣ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ከማውረጃ ሰርቨሮቹ አንዱ ተጠልፎ የማክ ተጠቃሚዎች ቫይረስ ያለበት ደርሷቸው ነበር። ዊንዶውስ ላይ ዶትኔት የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም አብሮ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ እሱንም ከማይክሮሶፍት ውሰዱት።

ሰላሳ ሰከንድ ክሊፕ በቴሌግራም ለጓደኛ ለምትልኩ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፣ አትጫኑት። አይፎን ያላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ ሞስት ኮምፓቲብል ካላችሁት ከመጀመሪያውም በኤች 264 ይቀርጽላችኋል፣ እንደ 4ኬ በ60 ፍሬም ያለ ከባድ ነገር ካልመረጣችሁ በስተቀር፣ ያንን በኤች 265 ነው የሚያደርገው፣ እሱን ያለ ሃንድብሬክ ለእትዬ ቲቪ አትስጡ።