ጂፕሰሙ ቆንጆ ነው፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም

ሲኤምሲ ያለውን ቤታችንን ፊኒሺንግ ያሰራነው በአንድ ኮንትራክተር ነው፣ ስሙን አልጠራም። ጂፕሰሙም ሴራሚኩም አሪፍ ነው፣ በቀኑም ጨርሰዋል። ቀለሙን ግን ለሰብ ኮንትራክተር ሰጡት፣ እሱ ደሞ እቃውን የሚገዛው በራሱ ምርጫ ነው እና አንድ ቀን ስገባ ቲነሩ በሃይላንድ ተቀድቶ ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ምንም ፅሁፍ የለውም፣ ቀቢዎቹ መስኮት ዘግተው ነው የሚቀቡት፣ አንዱ ራሴን አመመኝ ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ የ2 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ?

የበሩ ዘይት ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለው ወይ ብዬ ስጠይቅ ዋናው ኮንትራክተር "ሰብ ኮንትራክተሩን ጠይቂው" አለኝ፣ እሱ ደሞ "መርካቶ የተገኘውን ነው የገዛሁት"። እዚህ ጋ በጣም ተናደድኩ። በሀገራችን ደንብ የቀለም ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) መብለጥ የለበትም፣ ህፃን ልጅ የተላጠውን ቀለም አቧራ በእጁ ወደ አፉ ነው የሚወስደው፣ ጉዳቱም አእምሮ ላይ ነው። ስራ ሳይጀመር አደጋውን ገምግመናል ብለው ፈርመዋል እኮ! ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለምና የተቀባው ግን አይገናኙም።

ሰብ ኮንትራክተሩ ቀለሙን ልፋቀው ሲለኝ በደረቁ እንዳይነካው ከለከልኩ፣ አቧራው ይብሳል። የምታሰሩ ካላችሁ የቀለሙን፣ የቲነሩን፣ የማጣበቂያውን ስም ውል ላይ አስፅፉ፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይቀይሩ፣ ሴፍቲ ዳታ ሺቱንም (እቃው ውስጥ ያለውን ነገርና አደጋውን የሚገልፀውን ወረቀት) ከሻጩ ያምጡ፣ ጣሳው ሳይከፈት እናንተው እዩት። ለጂፕሰሙ ከ5 5፣ ለቀለሙ 1 ነው የምሰጣቸው።